ከመቃብርሽ ስለ ወጣው ብረት

የሺዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጀምርም። መልስ የማይመጣለት ጥያቄ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ከተለየሽን ሰባተኛው ክረምት መጥቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አንድ መስመር እንኳ ጽፌልሽ አላውቅም። ሰዎች በየሙት ዓመቱ ለሞተባቸው ሰው በስልካቸው ግጥም ሲለጥፉ እያየሁ ስበሳጭ ነው የኖርኩት። አሁንም የምጽፍልሽ ናፍቆቴን ለመዘርዘር አይደለም። ናፍቆቱ አለ፤ የትም አልሄደም። የምጽፍልሽ አንድ ነገር ስለ ተገኘ ነው። ነገሩ ያንቺ ነው፤ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብሽም አንቺ ነበርሽ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ጣሪያው በአዲስ ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲጥል ከድሮው የባሰ ስለሚጮህ ዜና መስማት አልቻልኩም። የጓሮዋን ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራይቻለሁ። ፓስታ እየቀቀሉ ይኖራሉ፤ መብራት አጥፍተው አይወጡም፤ ስቆጣቸው "እሺ ጋሼ" ይሉኛል፣ በማግሥቱ ደግሞ እንደበራ ትተውት ይሄዳሉ። ልጃችን ሜሮን ባሕር ዳር አግብታ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሕፃኗ እንዳንቺ ግንባሯን ቋጥራ ነው ሰው የምታየው። ብርድ የሚያስገባውን የመኝታ ቤቱን መስኮት አስጠግኜዋለሁ፤ "ይሄን መስኮት ታሠራዋለህ ወይስ ጠቅልለን ጉና ላይ እንግባ?" የምትይኝን። እኔ ፊዚክስ ማስተማሬን አልተውኩም። ጡረታ የቀረኝ ጥቂት ነው። ከክፍል ኃላፊው ጋር በፈተና አወጣጥ መጣላቴም እንደ ነበረ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የሰፈራችን ገብርኤል በአዲስ መልክ እየተሠራ ነው። አሮጌው ሕንፃ ጠቦ ሰው በክብረ በዓል ቀን ውጭ ስለሚቆም፣ ሰበካ ጉባኤው በምሥራቅ በኩል እንዲሰፋ ወሰነ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ አንቺ አለሽ። ከቅዳሴ በኋላ በድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ ይነገር ጀመር፤ በዚያ በኩል ወገን ያለው መጥቶ ዐፅም እንዲያፈልስ፣ ያልመጣ እንደ ሆነ ግን ባለቤት ከሌላቸው ጋር በአንድ ጉድጓድ እንደሚቀመጥ። ማስታወቂያውን የሰማሁ ዕለት ከሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ጋር ተጣላሁ። ሰው ሲቀበር ይህ ቦታ ለግንባታ እንደሚፈለግ የሚያስብ አልነበረም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ጋሽ ይርጋ፣ ያኔ እኔም አልነበርኩም" አለኝ። ትክክል ነው፤ አልነበረም። በዚህ አገር ነገሩ ሲደረግ የነበረ ሰው በኋላ ሲጠየቅ አይገኝም።

ለታላቅ ወንድምሽ ለጋሼ ፈንታ ደወልኩ። ከጉና ሥር እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎ፣ ከዚያ በሚኒባስ መጡ። ያው እንደምታውቂያቸው ናቸው፤ ቁፋሮው ሳይጀመር አለቀሱ፣ ሲጀመር ደግሞ አዛዥ ሆኑ። እኅትሽ አስካል ድንችና ገብስ የምትሸጥበትን መደብር ዘግታ አዲስ አቡጀዴ ገዝታ መጣች። የንስሐ አባታችን አባ ክንፈ ጸሎቱን አደረሱ። ከእድራችን ሁለት ሰዎች ቆፈሩ።

ስላገኘነው ነገር ሁሉ አልጽፍልሽም። የነጠላሽ ጥለት ክሩ አልበሰበሰም ነበር፤ ይህን ብቻ እወቂ።

ከቆፋሪዎቹ አንደኛው በእጁ አፈሩን ሲጠርግ አንድ ነገር አነሣ። እንደ ስኒ የጎደጎደ ከባድ ነገር ነው። በአውራ ጣቱ ሲያብሰው አበራ።

"ኧረ ይሄስ የጋፋት መድፍ ፍንካች ሳይሆን አይቀርም!" አለ።

"አንተ ዝም በል!" አለው ጓደኛው ከጉድጓዱ ውስጥ። "የጋሼ ሚስት ናት እኮ!"

ልጁ ክው ብሎ ቀረ። እኔ ግን አልተቀየምኩትም። ብትሰሚው ቀድመሽ የምትስቂው አንቺ ነበርሽ።

ተቀብዬው በመሐረቤ ጠረግሁት። ዳሌሽ ውስጥ የነበረው ብረት ነው። ኳሱና ዘንጉ ጭንሽ አጥንት ውስጥ እንደ ተተከሉ ናቸው፤ ይህ ጎድጓዳው ግን ኳሱ የሚሽከረከርበት ክፍል ስለሆነ ከዳሌው አጥንት ተላቆ ብቻውን ወጥቷል። ውስጡ እንደ መስታወት መሆን ነበረበት። በአብዛኛው ነውም። በአንድ በኩል ግን፣ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ፣ ተበልቶ ደብዝዟል። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ስርጉዱ ይታወቀኛል። በመካከል ፕላስቲክ የለም፣ ሌላም ምንም የለም። ብረት በብረት ላይ ሲዞር ነው የኖረው። በዙሪያው ያለው አጥንትሽ ጠቁሯል። አፈርም አጥንት ሊያጠቁር ስለሚችል ስለ ጥቁረቱ ምንም አልልም። ስለ ስርጉዱ ግን እላለሁ። አፈር ብረትን በአንድ በኩል ብቻ እንዲህ አድርጎ አይሞርድም።

ኪሴ ልከተው ስል ጋሼ ፈንታ እጄን ያዙኝ።

"ወዴት ነው?"

"ለሐኪም ላሳየው ነው።"

"እኔ እኅቴን ሙሉዋን ነው የቀበርኳት። ሙሉዋን ነው የማፈልሳት!"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ አብሯት የተወለደ አይደለም።"

"አንተስ አብረሃት ተወለድክ? ባሏ ግን ነህ!"

አባ ክንፈ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። መሳቃቸውን አይቻለሁ። ወንድምሽ አንድም ቀን ትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ እኔን ዝም የማሰኘት ልዩ ተሰጥኦ አላቸው። በኋላ አባ ክንፈ አስታረቁን፤ አጥንት የያዘው ከአጥንት አይነቀል፣ በራሱ ተላቆ የወጣው ይወሰድና ይመርመር፣ ሲበቃ ተመልሶ ከእሷ ጋር ይግባ አሉ። ጋሼ ፈንታም "ካልተመለሰ ከአንተ ጋር በፍርድ ቤት ነው የምንገናኘው" ብለው ለቀቁኝ። አንቺን በደቡብ በኩል፣ ከወይራው ዝቅ ብሎ አሳረፍንሽ። ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ነው።

ለምን እንዲህ እንደ ሆንኩ እንዲገባሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አንቺና አስካል ሁለታችሁም ዳሌያችሁ ከመገጣጠሚያው ሳይቀመጥ ተወለዳችሁ። ጉና ሥር የሕፃን ዳሌ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ስትራመዱ ነው የታወቀው። ገበያ ስትወጡ "እነዘንበል መጡ" ይሏችሁ እንደ ነበር አንቺው ነሽ እየሳቅሽ የነገርሽኝ። አክስቴ "ልጅቷ እኮ ታነክሳለች" ስትለኝ፣ "የማገባት ለእርሻ በሬነት አይደለም" ማለቴን ሰምተሽ ለዓመታት ስትቀልጂብኝ ኖረሻል። "በሬ ብሆን ኖሮ ይሻልህ ነበር፤ አልመልስልህም ነበር" ትይኝ ነበር።

ከዚያ ሕመሙ ባሰ። ከውጭ አገር ሐኪሞች ለዳሌ የሚተከል ብረት ይዘው አዲስ አበባ መጥተው እንደሚሠሩ ሰማን። ተመዘገብን። አንቺና አስካል በአንድ ሳምንት ተሠራችሁ፤ አልጋችሁም ጎን ለጎን ነበር። ስንወጣ አንድ ሐኪም በአስተርጓሚ አነጋገረን። ብረቱ የዕድሜ ልክ ነው፣ እንደ ራሳችሁ አጥንት ቁጠሩት አለን። ከምን እንደ ተሠራ ጠየቅሁ። አስተርጓሚው "ጥሩ ብረት ነው" አለኝ። ከምን ጋር ነው የሚፋተገው ብዬ ደገምኩ። "ጋሼ፣ በጣም ምርጥ ብረት ነው አሉ" አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሰበቃ ሲያስተምር ለኖረ ሰው የተሰጠው መልስ ይህ ነው።

እነዚያን ሐኪሞች አልረግማቸውም። በመልካም ልብ ነው የመጡት፣ አንቺም ተራምደሻል። እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሻንጣቸውን ዘግተው ሄዱ፤ ዳግመኛም ማንም አልጠየቀን። በሌሎች አገሮች ይህ ዓይነቱ ብረት በብረት ላይ የሚዞር ዳሌ እያደር ችግር እንደሚያመጣ ሲታወቅ፣ የገባላቸው ሰዎች በየስማቸው ተጠርተው ደማቸው ተለክቷል። እኛን የጠራን የለም። ስልካችን ያው ነው፤ ቤታችን ያው ነው፤ ደብረ ታቦርም ከቦታዋ አልተነሣችም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ለገብርኤል የተሳላችሁትን ስለት ደግሞ አንቺ ነሽ የምታውቂው። በዓመታዊው በዓል ሁለታችሁም ቀይ ጃንጥላ ይዛችሁ ቆማችሁ። በድምፅ ማጉያው "ከልጅነታቸው ጀምሮ ያነክሱ የነበሩ እኅትማማቾች ድነው ስለታቸውን አስገብተዋል" ተባለ። የደብሩ ሰው እልል አለ። ጋሼ ፈንታ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ስንመለስ ቁልቁለቱን ያለ ምርኩዝ ቀድመሽኝ ወርደሽ፣ ዞር ብለሽ "ፊዚክስህን ይዘህ ተከተለኝ!" አልሽኝ። ከዚያ ቀን የሚበልጥ ቀን አላየሁም፤ ይህ ማጋነን የለበትም።

ከዚያ በኋላ ግን ዳሌ የሚባል ቃል ከቤታችን ወጣ። ድነሻል ተብሎ ታውጇል። የዳነ ሰው መልሶ አመመኝ ቢል ስጦታውን መካድ ይመስላል፤ እንዲያ ነበር የምታዪው። እኔ ሃይማኖት ላይ ክርክር እንደማልችል ታውቂያለሽና ልከራከርሽም አልሞከርኩም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጆሮሽ ጀመረ። "ጢንዚዛ ገብቶብኛል" ትዪ ነበር። ቀጥሎ ምላስሽ፤ "የምበላው ሁሉ ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል" አልሽ። ከዚያ ጣቶችሽ ደነዘዙ፣ ከዚያ ድካሙ፣ ከዚያ የትንፋሽ ማጠር። የጆሮ ሐኪሙ ጆሮሽን አየ። ሌላው ደምሽን አየ። ሌላው ሳንባሽን አየ። ሁሉም ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና ተደርጎልሽ ያውቃል ወይ ብለው ሲጠይቁሽ አንቺ "ድኛለሁ" ትዪ ነበር። እነሱም ይህን መልስ ይዘው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋሉ። በመጨረሻ ልብሽ ሰፍቷል ተባለ። ለልብ ሐኪሙ ዳሌዋ ውስጥ ብረት አለ፣ ከዚህ ጋር ይገናኝ ይሆን ወይ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። "ጋሼ፣ ብረቱ ያለው ዳሌዋ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ የምናየው ልቧን ነው" ብሎ ሳቀ። ያ ሣቅ እስከ አሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን የሚነበበውን ሁሉ አንብቤያለሁ። ብረቱ ኮባልትና ክሮሚየም የሚባሉ ማዕድናት ቅልቅል ነው። ሲፋተግ ለዓይን የማይታይ ብናኝ ይለቃል። ብናኙ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይጎዳል፤ ወደ ደምም ይገባል። ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን ይኖራል። በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን መጠኑ ሲበዛ ጆሮን፣ ጣዕምን፣ ነርቭን፣ ልብንም ሊያውክ ይችላል። ታዲያ አንቺን የገደለሽ እሱ ነው? አላውቅም። ደምሽ አልተለካም፤ ከእንግዲህም አይለካም። ልብ በብዙ ምክንያት ይሰፋል። ማስረጃ የሌለኝን አልጽፍም፤ አንቺም ብትሆኚ አትፈቅጂልኝም። የማውቀው ሊለካ ይችል እንደ ነበርና እንዳልተለካ ነው።

ወደ አስካል ልመለስ። ደብዳቤው ስለ እሷ ነውና።

በፍልሰቱ ቀን ሰው ሲበተን በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ እጄን ይዛ ወደ ግንቡ ወሰደችኝ።

"አያ ይርጋ፣ እስኪ አሳየኝ።"

መሐረቡን ፈታሁት። አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አስገብታ ስርጉዱ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሰችው።

"ይሄ ነው እንዴ የሚጮኸው?"

"ምኑ?"

"ስነሣ የሚጮኸው። ሰግጄ ስነሣ እንደ በር ማጠፊያ ሲጥ ይላል። ሰው እንዳይሰማ አስላለሁ።"

"ታስያለሽ?"

"እህህ ብዬ አስላለሁ። የሺስ ታስል አልነበር? እሷ ናት ያስተማረችኝ።"

የሺዬ፣ እዚያው ግንቡን ተደግፌ ቀረሁ። ሳልሽን አስታወስኩ። ከሶፋ ስትነሺ፣ ከስግደት ስትነሺ፣ ከሚኒባስ ስትወርጂ። ሁልጊዜ ስትነሺ ብቻ ነበር። ለሳልሽ ማር ከጉና አስመጥቼልሻለሁ። ዝንጅብል ቀቅዬልሻለሁ። ለሳንባ ምርመራ አክታ ስጪ ተብለሽ፣ የሚወጣ አክታ አጥተሽ ስትቸገሪ ደጅ ቆሜ ጠብቄሻለሁ። ያ ሁሉ ሐኪም፣ ያ ሁሉ መድኃኒት ለሌለ ሳል! ዳሌሽ በግልጽ እየጮኸ ይናገር ነበር፤ አንቺና እኅትሽ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መካከል ቆማችሁ እያሳላችሁ አፉን ትዘጉት ነበር። መጀመሪያ በጣም ተናደድኩብሽ። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ምን ያህል እንደሚያደክም አታውቂም። ከዚያ ደግሞ ሁለታችሁ ተያይታችሁ ስታስሉ ታየኝና ሳቅሁ። አስካልም ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች።

ጆሮዋ ይጮህ እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ይጮኻል። ምላሷ? ሳንቲም ይላል። እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ጣቶቿ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። ጠበል እየተጠመቀች ነው፤ ለማንም አልተናገረችም።

በነገታው ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት። እንቢ አለች። በሳምንቱም እንቢ አለች። መደብሯ ድረስ እየሄድኩ ተጨቃጨቅን። ደንበኞቿ ድንች ሊገዙ ቆመው እኛን ያዩናል።

"ምን ብዬ ነው የምሄደው?" አለችኝ። "ጃንጥላ ይዤ በሕዝብ ፊት ቆሜያለሁ። አሁን ደግሞ ዳሌዬን አመመኝ ልበል? መልአኩን ውሸታም ላድርገው?"

"መልአኩ አይደለም ብረቱን የሠራው!"

"እርሱ ነው ያመጣልኝ።"

"አስካል፣ እንደ እኅትሽ ልትሞቺ ነው?"

"አንተ ደግሞ አፍህ!" አለችኝና ከሚዛኑ ላይ ድንቹን መልሳ ጆንያው ውስጥ ዘረገፈችው። ገዢዋ ሴትዮ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ሄደች።

መጮኼ እንዳልረዳ ገብቶኝ አባ ክንፈን ይዤ ሄድኩ። የጠበቅሁት ረጅም ስብከት ነበር። እሳቸው ግን የጆንያ ቁልል ላይ ተቀምጠው ጥቂት ብቻ ነው የተናገሩት።

"አስካል፣ ስለቱን የተሳልሽው ምን ብለሽ ነው?"

"በእግሬ ልሂድ ብዬ ነው፣ አባ።"

"ሄድሽ?"

"ሄድኩ።"

"እንግዲያ ስለቱ ለሄድሽበት ነው። ከፍለሻል፤ ተቀብሎሻል። ብረቱ እንዲኖር አልተሳልሽም።"

አስካል መሬት መሬት አየች። ከዚያ እውነተኛው ፍርሃት ወጣ። "አውጥተውት ደግሜ ባነክስስ አባ? ያ እልል ያለው ሰው ሁሉ ምን ይለኛል?" አለች። ሐኪም እንኳ አታነክስም ብሎ ሊፈርምላት አይችልም፤ ዋሽቼ አይዞሽ ልላት አልፈለግሁም።

"የሺ ታውቅ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አታውቅም። የነገራት የለም።"

"እኔ ግን አሁን አውቃለሁ" አለች ቀስ ብላ። "አውቄ ዝም ካልኩ የምፈራው ገብርኤልን አይደለም። ሰውን ነው።"

በሚቀጥለው ሰኞ ባሕር ዳር ሄድን። ሜሮን አንዲት የአጥንት ሐኪም አግኝታልን ነበር፤ ወጣት ናት፣ ቀልድ አታውቅም፣ ወደድኳት። ምንሽን ነው የሚያምሽ ስትላት አስካል ወደ እኔ አየች። እኔ ኮርኒሱን አየሁ። "ዳሌዬን" አለች። ድምፅዋ ወጥቶ ከክፍሉ ውጭ ወረፋ የያዙት ሁሉ የሰሙ ይመስለኛል። ሐኪሟ የአስካልን እግር አንቀሳቀሰች፣ ብብቷ ሥር ይዛ ከወንበር አስነሣቻት፣ አጎንብሳም ጆሮዋን ሰጠች። ብረቱ ሲጥ አለ። ካንቺ የወጣውን ጎድጓዳ አሳየኋት። ጠርዙ ላይ የተቀረጹትን ፊደሎችና ቁጥሮች በስልኳ አነሣች፣ ውስጡን በጣቷ ዳሰሰች፣ "ብረት በብረት ነው" አለች። ቀጥላ ያለችው ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ከየትኛውም ሐኪም አፍ ያልሰማሁት ነው፤ "ይሄንን ቀደም ብሎ መከታተል ነበረብን" አለች። ነበረብን። እሷ ያኔ ተማሪ እንኳ አልነበረችም፤ ግን "ነበረባቸው" አላለችም።

ራጅ ተነሣች። ደሟ ተወሰደ፤ ምርመራው እዚህ ስለማይሠራ ወደ ውጭ ተላከ። እስኪመለስ ድረስ አስካል መደብሯን ከፍታ ሰነበተች። እኔ በየቀኑ ስልኬን አያለሁ። ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ስልክ እንዳይዙ ከልክዬ እኔ ግን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ አስተምር ነበር፤ አንዱም ደፍሮ አልተናገረኝም።

ውጤቱ መጣ። ኮባልቱ መሆን ከሚገባው በጣም በልጧል። ልቧ በመሣሪያ ታየ፤ አልሰፋም። ሐኪሟ ይህን ስትነግረን አስካል የሰማችው የመጀመሪያውን ነበር፤ እኔ የሰማሁት ሁለተኛውን። አልሰፋም። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ካንቺ ጋር በመጨረሻው ዓመት እንዲህ ባለ ኮሪደር ስንት ቀን እንደ ቆምኩ አስታወስኩ፤ ያን ጊዜ ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ያለኝን ሁሉ በሰጠሁ ነበር። ለእኅትሽ ደረሰ፤ ላንቺ አልደረሰም። በዚህ ደስ ብሎኛል፤ በዚህ ደግሞ አዝኛለሁ። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

ብረቱ ወጥቶ ሌላ ዓይነት ይገባላታል። ኳሱ እንደ ሸክላ ካለ ነገር የተሠራ ነው፤ የሚሽከረከርበትም ፕላስቲክ ነው። የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ከምን እንደ ተሠራ፣ ከምን ጋር እንደሚፋተግ፣ ስንት ጊዜ እየተመለሰች መታየት እንዳለባት ሁሉንም ጠይቄያለሁ፤ "ጥሩ ነው" የሚል መልስ አልተቀበልኩም። አንድ ሐኪም ሰልችቶት "አባት፣ እርስዎ ነዎት የሚታመሙት?" አለኝ። "አዎ" አልኩት።

ከእናንተ ጋር በዚያ ሳምንት ከተሠሩት ውስጥ አንድ ሰውዬ አግኝቻለሁ። ጋይንት በኩል ናቸው። በስልክ ሳናግራቸው "ምንም አልሆንኩም፣ ነገር አታምጣብኝ" ብለው ዘጉብኝ። እንደገና እደውላለሁ። ደግመው ቢዘጉ ቤታቸው እሄዳለሁ።

ነገ አስካልን ይዤ ወደ አዲስ አበባ እነሣለሁ፤ ከነገ ወዲያ ሐኪም ቤት ትገባለች። ዛሬ ጠዋት መደብሯን ቆልፋ ቤቴ መጣች፤ ጋሼ ፈንታም ከጉና መጥተዋል። "እኔን ሁለቴ አታስቀብሩኝ" ይላሉ፤ ይህን ብለው ይቆጣሉ፣ ያንቺ ብረት መቼ እንደሚመለስ ይጠይቁኛል፣ ከዚያ ደግሞ ለአስካል ትራስ ያስተካክላሉ። እንዴት እንደምትወጣ አላውቅም። ልታነክስ ትችላለች። ሰውም ሊያወራ ይችላል። እሷ ግን ወስናለች፤ ስትወስን ደግሞ እንዳንቺ ናት፤ ወዲያ ወዲህ የለም።

በደብሩ ያለ ሰው ሁሉ አንቺን የሚያስታውስሽ የዳነችው የሺ እያለ ነው። ያን ቀን እኔም ነበርኩ፤ እውነት ነበር፤ ማንም አይወስድብሽም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለሽውንም እይዛለሁ። ያመመሽን፣ የደበቅሽውን፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ያሳለፍሽውን። ሚስትህ በምን ሞተች ለሚለኝ ሰው ልቧ ደክሞ ማለቴን ትቻለሁ። ዳሌዋን ታማ ነበር፣ የመረመራት ሰው አልነበረም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም እላለሁ። ከነገ ወዲያም በካርድ ክፍሉ መስኮት የአስካልን የቤተሰብ ሕመም ሲጠይቁኝ አስቀድሜ የምናገረው ያንቺን ስም ነው። ሙሉ ስምሽን፣ በትክክል፣ ከነአባትሽ። ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ ካልሰሙኝ እደግመዋለሁ።

ባልሽ ይርጋ
ደብረ ታቦር